ቼኩ ገባ ማለት ተከፈለ ማለት አይደለም

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የእህቴ ልጅ ቤት ልትቀይር ስትሰናዳ ያገለገለ ሶፋዋን ኢንተርኔት ላይ በ600 ዶላር ለሽያጭ አወጣች፡፡ ሰዓታት ሳይቆዩ አንድ ገዥ በኢሜይል ጻፈላት፡፡ ለሥራ ከአገር ውጭ ነኝ፣ ክፍያውን በካሽየር ቼክ እልካለሁ፣ ዕቃውን የሚያነሳ አጓጓዥ ይመጣል አላት፡፡ ዋጋ አልተከራከረም፡፡ (የመርካቶ ልጅ ናትና ይኼ ብቻ ሊያነቃት ይገባ ነበር፡፡ ሳያይ፣ ሳይነካ፣ ሳይከራከር የሚገዛ ማን ነው?)

ቼኩ በፖስታ ሲደርስ 2,400 ዶላር ይላል፡፡ ቀሪው 1,800 ዶላር የአጓጓዡ ነውና በሐዋላ ላኪለት ተባለች፡፡ ቼኩን አስገባች፤ በማግስቱ ገንዘቡ ሒሳቧ ላይ ታየ፤ ላከች፡፡ ከአሥር ቀን በኋላ ባንኩ ቼኩ ሐሰተኛ ነው ብሎ 2,400 ዶላሩን ከሒሳቧ ቀነሰ፡፡ አጓጓዡም አልመጣ፤ ሶፋው እዚያው ቀረ፡፡

“ጋሼ፣ ባንኩ ራሱ የሰጠኝን ገንዘብ እንዴት መልሶ ይወስድብኛል? ልክሰሰው?” ብላ ደወለችልኝ፡፡

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ሕግ ባንኮች የደንበኛን ገንዘብ ይዘው እንዳያቆዩ ያስገድዳል፡፡ ካሽየር ቼክ በአካል ቀርበው ካስገቡት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ በማግስቱ የሥራ ቀን ይለቀቃል፡፡ ሐሰተኛው ቼክ ተመርምሮ እስኪመለስ ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል፡፡ አጭበርባሪው የሚሠራው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው፡፡ በማግስቱ የታየው ገንዘብ ባንኩ በቅድሚያ የለቀቀው እንጂ የተከፈለ አይደለም፡፡ ቼኩ ሳይከፈል ከተመለሰ ባንኩ ከአስገቢው ሒሳብ መልሶ የመቀነስ መብት አለው፡፡ በቅን ልቦና ነው ያስገባሁት ማለት አያድንም፡፡ ስለዚህ ክሱ ይቅርብሽ አልኳት፡፡

እኛን የሚያሳስተን አንድ ተጨማሪ ነገር ያለ ይመስለኛል፡፡ ካሽየር ቼክ ስንባል ሲፒኦ ትዝ ይለናል፡፡ እዚህ መኪና የሚሸጥ ሰው ሲፒኦ ሲቀበል ባንክ ድረስ ሄዶ አረጋግጦ ነው፡፡ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠትም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፡፡ ይህን እምነት ይዘን ማዶ ስንሻገር፣ ጥሩ ማተሚያ ያለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያተመውን ወረቀት እንደ ሲፒኦ እናከብራለን፡፡

ሐዋላውም የዋዛ በር አይደለም፡፡ ዌስተርን ዩኒየን በአገልግሎቱ አማካይነት የተፈጸሙ ማጭበርበሮችን በሚገባ አልተከላከልክም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በ586 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል፡፡

እንግዲህ ቼክ መቀበል ግድ ከሆነ ከገዥው ጋር አብሮ ቼኩን ወደሰጠው ባንክ ሄዶ እዚያው መመንዘር ነው፡፡ ባንኩን በስልክ ለመጠየቅም ቼኩ ላይ በታተመው ቁጥር አይደወልም፤ ያንን ቁጥር የሚያነሳው አጭበርባሪው ራሱ ሊሆን ይችላል፡፡ ከዋጋው በላይ የተጻፈ ቼክ ከመጣ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፤ “ትርፉን” ለማንም አይልኩም፡፡ የላከ ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐዋላ ላኪውን ድርጅት ማነጋገር አለበት፤ ገንዘቡ ካልተወሰደ ማስቆም ይቻላል፡፡ ፖስታውንና ኢሜይሉን ሳይጥል ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል ያመልክት፡፡

አዲስ አበባም ዘመዱ አለ፡፡ ቴሌግራም ላይ ፍሪጅ የሚሸጥ ሰው፣ “ዱባይ ነኝ፣ ለእናቴ ነው፣ ከፍያለሁ” ከሚል መልእክት ጋር የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ይላክለታል፡፡ የደረሰኝ ፎቶ ክፍያ አይደለም፤ አጭር የጽሑፍ መልእክትም ቢሆን ሊመሰል ይችላል፡፡ ፍሪጁ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ሻጩ የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ይመልከት፡፡ በሕግ በኩል የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ስለ ማታለል፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም በኮምፒዩተር አማካይነት ስለሚፈጸም ማታለል ይደነግጋሉ፡፡ ችግሩ ተከሳሹ ነው፡፡ ስሙም፣ ዱባዩም፣ እናቱም የፈጠራ ከሆኑ መጥሪያው ለማን ይደርሳል?

የእህቴ ልጅ ሶፋውን በኋላ ለጎረቤቷ በ350 ዶላር ሸጠችው፤ በጥሬ ገንዘብ፣ ያውም ተከራክራ፡፡