ቡዮን፦ ከሉካንዳ የተነሣው የፓሪስ ምግብ ቤት

ፓሪስ ውስጥ ሰው ተሰልፎ የሚገባባቸው ቡዮን የሚባሉ ምግብ ቤቶች ቢስትሮ የሚባለው ትንሽ የሰፈር ምግብ ቤት የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ምግባቸው ቀላል፣ ዋጋቸው ዝቅተኛ፣ ወንበሮቻቸው የተጠጋጉ። ከመቶ ዓመታት በላይ አስቀድሞ ከተማዋን ሞልተዋት ነበር፤ ከዚያ ጥቂቶቹ ብቻ ቀሩ፤ አሁን ደግሞ እንደገና እየተከፈቱ ነው። ብዙዎች ምክንያቱን ናፍቆት ያደርጉታል። እኔ ግን የተመለሰው አሠራሩ ነው እላለሁ። በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባፕቲስት አዶልፍ ዱቫል የተባለ ባለ ሉካንዳ፣ ሀብታም ደንበኞቹ ምርጥ ምርጡን ብልት ሲወስዱ የሚተርፈውን ሥጋ ቀቅሎ፣ ከነመረቁ ሌ አል ለተባለው የፓሪስ ገበያ ሠራተኞች በርካሽ ማቅረብ ጀመረ። ርካሽነቱ ከችሮታ የመጣ አይደለም፤ በሬውን ሙሉ በሙሉ መጠቀም ከማወቅ እንጂ። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአዲስ አበባ ሥጋ ቤቶችም ለቁርጥና ለጥብስ ከሚሆነው ሌላ አጥንቱ ለቅቅል፣ ጨጓራና ጉበቱ ለዱለት ይውላል።

ናፍቆት ነው ለሚሉት መልሱ ቡዮን ፒጋል ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) አዲስ የተከፈተ እንጂ የአያት ቅርስ አልነበረም፤ ሆኖም ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ሳያቋርጥ ስለሚሠራ አንዱ ወንበር በቀን ብዙ ሰው ያስተናግዳል፣ ከእያንዳንዱ ሳህን የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ቢሆንም ቤቱ ይቆማል። ከ1896 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዘለቀው ሻርቲዬ የተባለው ቡዮንም በዚሁ ስሌት ነው የኖረው፤ አስተናጋጁ ሒሳቡን እዚያው የጠረጴዛው ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ተመጋቢው ከፍሎ ይነሣል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። ርካሽ ምግብ መናኛ ነው የሚለው ክርክርም እዚህ አይሠራም። የተቀቀለ እንቁላል በማዮኔዝ፣ በወይን ጠጅ ቀስ ብሎ የበሰለ የበሬ ሥጋ፤ እነዚህ ጊዜ እንጂ ውድ ዕቃ አይፈልጉም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ሰፊ አዳራሽ ያለው ቡዮን ሠላሳ ወንበር ያላትን የሰፈር ቢስትሮ ያዳክማል ይባላል። ይህ እውነትነት አለው፣ ልሸሸውም አልፈልግም። ፈረንሣይ በ2024 (እ.ኤ.አ.) የቢስትሮና የካፌ ልማድን በብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገቧ አስፍራለች፤ መዝገብ ግን ኪራይ አይከፍልም። ትንሿ ቤት ልትኮርጀው የሚገባት የአዳራሹን ስፋት ሳይሆን የዱቫልን ድስት ነው፦ ሦስት አራት ዓይነት ምግብ፣ ከባለ ሉካንዳው ጋር የጠበቀ ውል፣ የማይጣል ብልት።