ሞርፊን ሐራም ነውን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ዛሬ የምንመለከተው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሐኪም ለጽኑ ሕመም ሞርፊን ቢያዝ መውሰድ ይፈቀዳልን? ለረጅም ጊዜስ?

ሞርፊንና ኮዴይን ኦፒዮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች ይመደባሉ። አእምሮን ስለሚያደነዝዙ ያለ ሕመም መውሰዳቸው ሐራም ነው። ሆኖም ሱረቱል በቀራ ቁጥር 173 ስለ ክልክል ምግቦች ሲያነሳ፣ ችግር ያስገደደውና ወሰን ያላለፈ ሰው ኃጢአት እንደሌለበት ይገልጻል። ዑለማዎች ሁለት መርሆዎችን አስቀምጠዋል። አንደኛው፣ ደሩራ (አስገዳጅ ችግር) ክልክሉን ይፈቅዳል። ሁለተኛው፣ ፈቃዱ በችግሩ ልክ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን የረሱ ሰዎች በካንሰር የሚሰቃይ አባታቸውን «ሰብር ያድርግ» ብለው መድኃኒቱን ይከለክሉታል። ይህ ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሞርፊንን ለጽኑ የካንሰር ሕመም ይመክራል። ሰብር ማለት ሕክምናን መተው አይደለም። ሥቃዩ የቀለለለት ሰው ሶላቱን ይሰግዳል፣ ዚክሩን ያደርጋል፣ ቤተሰቡንም ያነጋግራል።

ሁለተኛውን የረሱ ደግሞ ለወገብ ወይም ለጉልበት ሕመም የተሰጣቸውን ክኒን ያለ ሐኪም ክትትል ለዓመታት ይቀጥላሉ። አሜሪካ ውስጥ ተካሂዶ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለባቸውን 240 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። በሞርፊንና መሰሎቹ የታከሙት፣ ሕክምናቸው በፓራሲታሞልና መሰሎቹ ከተጀመረው የተሻለ እንቅስቃሴ አላሳዩም። ሰውነት መድኃኒቱን ሲላመድ መጠን መጨመር ይመጣል፤ መጠኑ ሲበዛም ትንፋሽን እስከ ማቆም ይደርሳል። ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ አደጋው የከፋ ነው።

ይሁንና የሰውነት መላመድ ብቻውን ሱስ አይደለም። ሱስ ማለት ሰው ጉዳቱን እያየ መድኃኒቱን ማሳደዱን መተው ሲያቅተው ነው። ስለዚህ በሐኪም ትእዛዝ የሚወስደውን ሕመምተኛ «ሱሰኛ» ብለን አናሸማቅቀው። እርሱም ረመዳን ገባ ብሎ በድንገት አያቋርጥ፤ ከባድ ሕመም ያስከትልበታል። ለሕመምተኛ ላለመጾም ፈቃድ አለው። መጾም ከፈለገም የመድኃኒቱ ሰዓት ይስተካከል እንደሆነ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቤተሰብም መድኃኒቱን ከልጆች አርቆ ያስቀምጥ፤ ለሌላ ሰው አይስጥ። በየጊዜውም ሐኪሙን «አሁንም ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። የደሩራ ወሰን የሚጠበቀው በዚህ ጥያቄ ነው።

አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሺፋ ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።