ወርቅን ለይቶ የማያውቀው ማሽን

ሞያሌ ላይ ብረት መፈለጊያ ማሽን በትከሻዬ አንግቼ ስሄድ የሚያዩኝ ሰዎች ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ወርቅ ወጣ?» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። ማሽኑ በዚህ አካባቢ የታወቀው በወርቅ ቆፋሪዎች እጅ ነው። በኬንያ በኩል በዳበልና በሂሎ፣ በኢትዮጵያ በኩል በጉጂ ምድር «ዲቴክተር» ሲባል የወርቅ ማሽን ማለት ነው። በሂሎ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 ቁፋሮውን ሲያግድ የማሽኑም ስም አብሮ ተነሣ፤ ከጠብና ከጉድጓድ ጋር ተያይዞ ቀረ። ይህ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ይህ ዕቃ ዋጋው በደንብ የሚታየው በሰው ግቢ ውስጥ ነው። ልብስ ሲታጠብ የወለቀ የጋብቻ ቀለበት፣ ከበር ላይ የወደቀ ቁልፍ፣ ልጅ ሲጫወትበት አፈር የዋጠው የአያት ማርያ ቴሬዛ ብር፤ እነዚህን የሚመልስ ሌላ መሣሪያ የለም።

አሠራሩ ብዙ ወሬ አይፈልግም። በዘንጉ ጫፍ ባለው ክብ ሳህን ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል። በሽቦው ውስጥ በሴኮንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይወርዳል። መስኩ ማንኛውንም ብረታ ብረት ሲነካ በዕቃው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ መዞር ይጀምራል፤ ያ የሚዞረው ኤሌክትሪክ ደግሞ የራሱን ደካማ መስክ ወደ ላይ ይልካል። ሌላ ጥቅል ሽቦ ያንን ተቀብሎ ለጆሯችን ያሰማል። በቃ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። ሰው ሁሉ ማሽኑ ወርቅ የሚያውቅ ይመስለዋል። ሻጮችም ይህን እምነት ያባብሱታል፤ በመስታወቱ ላይ የሚመጣውን ቁጥር እያሳዩ «ይሄ ብረት፣ ይሄ ብር፣ ይሄ ወርቅ» ይላሉ። ማሽኑ ግን ወርቅ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። የሚያውቀው በዕቃው ውስጥ ኤሌክትሪኩ ምን ያህል እንደ ዞረና ዙረቱ ምን ያህል ቶሎ እንደ ጠፋ ብቻ ነው። ይህም በማዕድኑ ዓይነት ላይ ብቻ ሳይሆን በመጠኑ፣ በውፍረቱና በቅርጹ ላይም ይንጠለጠላል። ስለዚህ ቀጭን የሴት ቀለበት፣ የለስላሳ ጣሳ መክፈቻና የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት አንድ ዓይነት ድምፅ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። «መክፈቻ ነው» ብሎ አልፎ የሄደ ሰው ቀለበቱን ረግጦ ሄዷል።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ንጹሕ ወርቅ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ከብርና ከመዳብ ቀጥሎ ሦስተኛ ነው። ጌጥ የሚሠራው ግን ከንጹሕ ወርቅ አይደለም። 18 ካራት ከመቶ 75 እጁ ወርቅ ነው፤ 21 ካራት ከመቶ 87.5። የቀረው በአብዛኛው ብርና መዳብ ነው፤ ሁለቱም ከወርቅ የተሻሉ አስተላላፊዎች። ሦስቱ ሲቀላቀሉ ግን ውጤቱ ከሦስቱም በጣም የከፋ አስተላላፊ ይሆናል። በማሽኑ ጆሮ የእጅ ቀለበታችን ከአሉሚኒየም ቁራጭ ጋር የሚቆጠረው በዚህ የተነሣ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን የቅርጹ ጉዳይ ነው። ሙሉ ክብ የሆነ ቀለበት ለማሽኑ እንደ ተመቸ መንገድ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ጣቱ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለ ዕንቅፋት ይዞራል፤ ድምፁም ከዕቃው ክብደት በላይ ጎልቶ ይሰማል። ያንኑ ቀለበት በአንድ ቦታ ቢሰብሩት፣ የፀጉር ያህል ክፍተት ብቻ ቢኖረው፣ ዙረቱ ይቋረጣል። ወርቁ ያው፣ ክብደቱ ያው፣ ጥልቀቱ ያው፤ ድምፁ ግን ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ይህን ያወቅሁት በራሴ ግቢ ነው። አንድ ጥንድ የጆሮ ሎቲ ወስጄ አንዱን እንደ ተቆለፈ፣ አንዱን ከፍቼ፣ ሁለቱንም በአንድ ስንዝር ርቀት ጣት በምታህል ጉድጓድ ቀበርኋቸው። የተቆለፈው ላይ ማሽኑ ጥርት ብሎ ጮኸ። የተከፈተው ላይ ሦስት ጊዜ አልፌ በአራተኛው ነው አንዲት ጭረት የምታህል ድምፅ የሰማሁት።

ከዚህ የባሰው የአንገት ሐብል ነው። ሐብል ሲመዘን ከባድ ነው፤ ለማሽኑ ግን አንድ ዕቃ አይደለም። እርስ በርሳቸው በደንብ የማይነካኩ የደቃቅ ቀለበቶች ሰልፍ ነው፤ ማሽኑም እያንዳንዷን ለብቻ ይሰማታል፤ ደቃቋ ደግሞ አትሰማም። ሐብል የጠፋበት ሰው ሲጠራኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «መቆለፊያው ምን ያህል ነው? መስቀል ወይም ሌላ ጌጥ ተንጠልጥሎበታል?» ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ የምናገኘው መቆለፊያውን ነው፤ ሐብሉ ተከትሎ ይወጣል።

ባለፈው ኦዳ ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ኦዳ በኦሮምኛ የሾላ ዛፍ ነው፤ ቦታው በሞያሌ ኬንያ በኩል ነው። የጠሩኝ በንግድ የከረሙ እናት ናቸው፤ ቀለበታቸው ከጠፋ 12 ቀን ሆኖታል። በልብስ ማጠቢያው ድንጋይ አጠገብ አቁመው፣ «ልጄ፣ እዚህ ነው የወደቀብኝ፤ ሌላ ቦታ አትድከም» አሉኝ። ሲባጎ ወጥሬ ቦታውን በሜትር በሜትር ከፋፈልሁት። ያወጣሁት 14 ቆርኪ፣ ሁለት የዛገ ምላጭ፣ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ ጥቂት የጣሪያ ምስማርና መሐሉ የተበሳ የድሮ የምሥራቅ አፍሪካ 10 ሳንቲም ነው። ቀለበት የለም።

እኔም የግራሃም ቤል ታሪክ ትዝ አለኝ። ስልክን የሠራው ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ በሰውነታቸው ውስጥ የቀረችውን እርሳስ ለማግኘት የዛሬውን ማሽን አባት ይዞ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ ነበር። ሳያገኛት ቀረ። ከፍራሹ ሥር የነበረው የብረት ሽቦ ማሽኑን አወከበት ይባላል። ከዚያ የበለጠው ጥፋት ግን ዋናው ሐኪም ጥይቷ በቀኝ በኩል ናት ብለው ስላመኑ በቀኝ በኩል ብቻ እንዲፈልግ መፍቀዳቸው ነው። ጥይቷ በግራ በኩል ነበረች። ጋርፊልድ በመስከረም ወር አረፉ።

ስለዚህ እኔም በተነገረኝ ቦታ ብቻ መፈለጌን ትቼ «እትዬ፣ ጠዋት ግቢውን የሚጠርገው ማን ነው? ጥራጊውስ የት ይደፋል?» ብዬ ጠየቅሁ። በጓሮ፣ ከአመዱ ጋር ነው አሉኝ። በዚህ ከተማ ቀይ አፈር ያለበት ግቢ በየማለዳው ውኃ እየተረጨ ይጠረጋል፤ የወደቀ ዕቃ በወደቀበት ቦታ ላይ ከአንድ ቀን በላይ አያድርም። ክምሩ ደግሞ በቆርኪና በብርማ ወረቀት የተሞላ ስለሆነ ማሽኑን ከላይ ማስኬድ ዋጋ የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር ይጮኻል። ማሽኑን አጋድሜ ሳህኑን ወደ ላይ አዞርሁት። ሰዓቴን አወለቅሁ። በፕላስቲክ ጆግ ከጥራጊው እየዘገንሁ በሳህኑ ላይ አሳልፍ ጀመር፤ ዝም ያለውን ወደ ግራ፣ የጮኸውን ወደ ቀኝ ሸራ ላይ እደፋለሁ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል በቀኙ ሸራ ላይ ከተደፋው አመድ ውስጥ፣ ከጣሳ መክፈቻ ጋር ተጣብቆ፣ ቢጫ ጠርዝ ታየ። ወርቅ አይዝግምና አመዱን በጣታቸው ሲጠርጉት እንደ ድሮው ሆነ። እናትየው አልተናገሩም፤ ጣታቸው ላይ አጥልቀው እጃቸውን በሌላው እጃቸው ሸፍነው ቆሙ።

ስለ ማሽኑ ታሪክ ይህን ብቻ ልበል። ከጀርመን ወደ አሜሪካ የሄደው ገርሃርድ ፊሸር በእጅ የሚያዘውን ማሽን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለገበያ አበቃው፤ ፖላንዳዊው መኮንን ዮዜፍ ኮሳትስኪ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈንጂ መፈለጊያ አደረገው፤ በ1942 በኤል አላሜይን ጦርነት 500 ያህሉ አገልግለዋል። በእኛም አገር ከ1990ዎቹ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ በድንበር መሬቱ ላይ ፈንጂ የለቀሙት ባለሙያዎች የያዙት የዚሁ ቤተሰብ ማሽን ነው።

ስለ ጥልቀት የሚነገረውን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። «አሥር ሜትር ይወርዳል» እያሉ ይሸጣሉ። ለቀለበት ይህ ውሸት ነው። መስኩ ወደ ታች ሲወርድ ይደክማል፤ መልሱም ወደ ላይ ሲመጣ ይደክማል። ትንሽ ዕቃ በእጥፍ ጥልቀት ሲቀበር ምልክቱ በግማሽ ሳይሆን 64 ጊዜ ነው የሚያንሰው። ስለዚህ ተራ የግቢ ማሽን ቀለበትን በአንድ ስንዝር ጥልቀት ካገኘ በደንብ ሠርቷል። በስልክ ላይ ስለሚጫነው «ብረት መፈለጊያ» መተግበሪያም ልናገር፤ ያ የስልኩን ኮምፓስ የሚጠቀም ነው። ማግኔት የሚስበውን ብረት ሊያገኝ ይችላል። ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ ላይ ግን አንድ ቀን ሙሉ ቢያዞሩት አንዳች አይልም።

አያያዙንም በተመለከተ የሥራ ወንድሞቼን እወቅሳለሁ። ማሽኑን እንደ ማጭድ የሚያወዛውዙ አሉ፤ ሳህኑ በሁለቱ ዳር ከመሬት ስንዝር ከፍ ይልና የሁለቱ ዳር መሬት ሳይፈተሽ ይቀራል። ሳህኑ መሬቱን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት፣ በዝግታ፣ እያንዳንዱ ሂደት ያለፈውን በግማሽ እየደረበ መሄድ አለበት። ብረት ያለበት ቀይ አፈር ራሱ ስለሚጮኽ ባዶ መሬት ላይ ሳህኑን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ማሽኑን ከአፈሩ ጋር ማስማማት ግድ ነው፤ ይህን የሚዘልል ሰው ቀኑን ሙሉ አፈር ሲቆፍር ይውላል። ከቆርቆሮ አጥር ራቅ ይበሉ፤ ብረት ያለበት ጫማ አያድርጉ። የሰው ግቢ ቆፍሮ ጉድጓዱን ሳይመልሱ መሄድ ደግሞ ነውር ነው። እኔ አፈሩን በጨርቅ ላይ አውጥቼ፣ መልሼ፣ ረግጬና ውኃ ረጭቼ ነው የምወጣው።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ሞያሌ ተራ መሬት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1940 ጣሊያኖች የእንግሊዞችን ምሽግ ከብበው ያዙት፤ በየካቲት 1941 ከተማዋ ተመልሳ ተወሰደች፤ ከዚያ ወዲህም ድንበሩ ተኩስ አጥቶ አያውቅም። የናስ ቀለህ ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ፤ ባዶ ቀለህ አይጎዳም። ያልፈነዳ ነገር ግን ከዝገቱ በታች ሕያው ነው። ክብና ከባድ፣ ወይም ክንፍ ያለው ብረት ካያችሁ አትንኩት፤ ልጆቹን አርቃችሁ ለፖሊስ ንገሩ። ጥንታዊ ቅርስም ቢሆን የግል ሀብት አይደለም፤ በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በድንገት የተገኘ ቅርስ ለባለሥልጣን መሥሪያ ቤት እንዲነገር ያዝዛል፤ ኬንያም የራሷ የቅርስ ሕግ አላት።

ቀለበት የጠፋባችሁ ሰዎች ታዲያ ይህን ብቻ አድርጉልን። መጥረጊያውን አቁሙ። ቆማችሁበት የነበረው ቦታ ላይ ድንጋይ አኑሩ፤ በዶማ ግን አትነካኩት፤ ላይ ላይ ያለው ዕቃ በዶማ ይቀበራል። ቀለበቱ ሙሉ ይሁን የተሰበረ፣ ሐብሉ መቆለፊያው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ አስታውሳችሁ ንገሩን። የጥራጊውን ክምር ደግሞ እስክንመጣ ድረስ ማንም አያውጣው፣ ማንም አያቃጥለው።