ሃያ ስምንቱ መገጣጠሚያዎች

ሐኪሙ የታማሚዋን መገጣጠሚያ በአውራ ጣቱ ይጫናል። የግፊቱን ልክ የሚነግረው የገዛ ጥፍሩ ነው፤ ከጥፍሩ ሥር ያለው ሥጋ ነጣ ሲል ይበቃዋል። አመማት ወይስ አላመማትም? አብጧል ወይስ አላበጠም? ሁለቱን ለየብቻ ይመዘግባል። ከትከሻ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ እጅ አንጓና ወደ ጣቶች ወርዶ በሁለቱ ጉልበቶች ሲጨርስ 28 መገጣጠሚያዎችን ዳስሷል። ከእነዚህ ውስጥ 20ዎቹ የእጅ ጣቶች መገጣጠሚያዎች ናቸው።

ይህ ቆጠራ ዳስ28 የሚባለው መለኪያ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ከቤተ ሙከራና ከታማሚዋ ይመጣል። ቤተ ሙከራው ኢኤስአር ይሠራል፤ ቀይ የደም ሴሎች በቆመ ቀጭን ቱቦ ውስጥ በአንድ ሰዓት ምን ያህል ወደ ታች እንደወረዱ ያያል። በምትኩ ሲአርፒ የሚባለውን ሌላ የደም ምርመራም መጠቀም ይቻላል። ታማሚዋ ደግሞ 100 ሚሊሜትር በሆነ መስመር ላይ በሽታው ምን ያህል እንደጠናባት ምልክት ታደርጋለች። አራቱ ተቀምረው አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ከ5.1 በላይ ከሆነ በሽታው በርትቷል፣ ከ2.6 በታች ከሆነ ጋብ ብሏል። መለኪያው በኔዘርላንድስ፣ ናይሜኸን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990 ተሠርቶ፣ በ1995 ወደ 28 መገጣጠሚያዎች አጠረ።

በዚህ የሚለካው በሽታ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ የሰውነት መከላከያ የመገጣጠሚያን የውስጥ ሽፋን የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ጋብ ይላል፣ ደግሞ ያገረሻል። ለረጅም ጊዜ የሐኪሞች ጭንቀት እንዴት ጋብ እንደሚያደርጉት ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ባዮሎጂክ የሚባሉት መድኃኒቶች ሲመጡ ሌላ ጥያቄ ተከተለ፦ ሕመሙ ከተረጋጋ መድኃኒቱን መቀነስ ይቻል ይሆን? መልሱን ለማግኘት መድኃኒቱን ቀንሶ ሕመሙ መቼ እንደሚመለስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ችግሩ የታየው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጥናት ግርሻ ያለውን ሌላው አይቀበለውም ነበር።

በ2013 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች አንድ ደንብ አቀረቡ። ዳስ28 ከ1.2 በላይ ከጨመረ ግርሻ ነው፤ ቁጥሩ 3.2 ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰ ደግሞ ከ0.6 የበለጠ ጭማሪ ይበቃል። ደንቡ ግልጽ ነው፣ ለጥናትም ይመቻል። ነገር ግን የመለኪያውን ጠባይ ሁሉ ይወርሳል። ቀመሩ የመገጣጠሚያዎቹን ብዛት በስኩዌር ሩት ስለሚያስገባ፣ ከዜሮ ወደ 4 መገጣጠሚያ መድረስና ከ4 ወደ 16 መድረስ እኩል ይመዝናሉ። የሚያም መገጣጠሚያ ካበጠው እጥፍ ክብደት ስላለው፣ ሌላ የሰውነት ሕመም ያለበት ሰው መገጣጠሚያው ሳይቆጣ ቁጥሩ ሊያሻቅብ ይችላል።

ከሁሉም የሚገርመው ግን ቁርጭምጭሚትና የእግር ጣቶች ከቆጠራው መውጣታቸው ነው። ጫማ ማድረግ ያቃታት ሴት ወረቀቱ ላይ ደህና ልትመስል ትችላለች። ለአጠቃላይ ግምት እጅና ጉልበት ይበቃሉ የሚለው ክርክር በብዙ ሰዎች አማካይ ላይ ያስኬዳል፤ አንዲት ታማሚ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሳለ ግን ያንን ማለት ይከብዳል።

ሌላው መንገድ ታማሚውን መጠየቅ ነው። የሩማቶሎጂ ጥናቶች ምን መለካት እንዳለባቸው የሚመክረው ኦሜራክት የተባለው ማኅበር በ1992 ማስትሪክት ላይ ሲሰበሰብ፣ ተሰብሳቢዎቹ ባለሙያዎች ነበሩ። ታማሚዎች እንደ ተሳታፊ የገቡት በ2002 አውስትራሊያ ላይ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ ችላ ያሉትን ድካም አነሱ። በእንቅልፍ የማይወጣ፣ ገላን የሚያዝል ድካም። ቆይቶ የግርሻ ቡድን ተቋቁሞ በተለያዩ አገሮች ታማሚዎችን ሲያነጋግር፣ ሰዎች ሐኪም ዘንድ ከመደወላቸው በፊት ብዙ እንደሚታገሉ ተረዳ፤ ሥራ ይቀንሳሉ፣ ያርፋሉ፣ ማስታገሻ ይጨምራሉ፣ አልሆን ሲል ብቻ ስልክ ያነሳሉ። የሐኪሙ መዝገብ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ግርሻን ሲበይን መጥፎ ቀን ሁሉ እንዳይገባ ተጠነቀቀ፤ ሕክምናን መጀመር፣ መለወጥ ወይም መጨመር እስከሚያሳስብ ድረስ የበረታና የቆየ መባባስ አለው።

ከዚህ የተወለደው መጠይቅ አምስት ጥያቄዎች ብቻ አሉት፦ ሕመም፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ድካም፣ የመገጣጠሚያ መገተር፣ በዕለት ኑሮ መሳተፍ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይመዘናል፣ ድምሩ ከ50 ነው። ደም መቅዳት የለ፣ ቀጠሮ መጠበቅ የለ፤ ታማሚው ቤቱ ሆኖ ይሞላዋል።

ከቤት የሚላክ መረጃ ምን ሊያሳይ እንደሚችል በ2020 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። አንዲት ታማሚ ለአራት ዓመታት ያህል በየሳምንቱ ጣቷን ወግታ ጥቂት የደም ጠብታ ትልክ፣ የሕመሟን ሁኔታም በመጠይቅ ትመዘግብ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግርሻ የተመዘገበበትን ሳምንት ይዘው ወደ ኋላ ቆጠሩ። ከግርሻው ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ቢ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ይነቃሉ። ቀጥሎ፣ ግርሻው ሊነሳ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቀድሞ በደም ውስጥ ያልተጠበቁ፣ የመገጣጠሚያን ሽፋን ሴሎች የሚመስሉ ሌሎች ሴሎች ይበዛሉ። ፕራይም ሴል አሏቸው።

ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት ግን እነዚሁ ሴሎች ከደም ውስጥ ይቀንሳሉ። ተመራማሪዎቹ ወደ መገጣጠሚያው ሳይገቡ አልቀሩም ብለው ይገምታሉ። ግምታቸው ልክ ከሆነ፣ ታማሚዋ ጣቶቿ አብጠው ክሊኒክ በመጣችበት ቀን የሚቀዳ ደም ዘግይቷል ማለት ነው፤ ሴሎቹን ለማግኘት ደም መስጠት ያለባት ደህና ነኝ በምትልበት ሳምንት ነው።