በልዩ ትምህርት ቤት ስለሚካሄድ የባዮዳይናሚክ እርሻ አስተዳደርና ለከሚሴ አካባቢ ስላለው ተስማሚነት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ባዮዳይናሚክ የሚባለው እርሻ እንዴት እንደሚተዳደር ማስረዳት፤ ቀጥሎም በከሚሴ አካባቢ ቢሞከር ምን እንደሚያስፈልገው መመርመር ነው።

ሀ. አመጣጡ

ዘዴው የተጀመረው ሩዶልፍ ሽታይነር እ.ኤ.አ. በ1924 ኮበርቪትዝ በተባለ ስፍራ ለገበሬዎች ከሰጡት ትምህርት ነው። መሠረተ ሐሳቡ እርሻ ራሱን የቻለ አንድ አካል ነው የሚል ነው፤ ይኸውም ከብቱ ከመስኩ ይበላል፤ አዛባው ወደ መሬቱ ይመለሳል፤ መሬቱም ሰውንና ከብቱን ይመግባል ማለት ነው። የፋብሪካ ማዳበሪያ አይገባበትም። ከናዚዎች የሸሹት ሐኪም ካርል ኮኒግ በ1940 በስኮትላንድ፥ በአበርዲን አጠገብ፥ የካምፕሂልን ሥራ ባቋቋሙ ጊዜ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ትምህርት ከኑሮና ከሥራ ጋር አዋሐዱት። በአፍሪካም ኢብራሂም አቡለይሽ በ1977 በግብፅ በረሃ የመሠረቱት ሴኬም ይህንኑ እርሻ ያካሂዳል፤ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆችም ትምህርት ይሰጣል።

ለ. አሠራሩ

ዋናው ሥራ ብስባሽ ማዘጋጀት ነው። ደረቅ አገዳ፥ እርጥብ ቅጠል፥ አዛባና አፈር በየተራ ይነባበራሉ። በመካከሉ የተተከለው በትር ሲነቀል ሞቆ ከተገኘ ክምሩ በደንብ እየሠራ ነው። ከዚህም ሌላ በላም ቀንድ ውስጥ የተሞላ አዛባ በአውሮፓ ክረምቱን ተቀብሮ ይከርማል፤ ሲወጣም ጥቂቱ በውሃ አንድ ሰዓት ተማስሎ በማሳ ላይ ይረጫል። የቀንዱ ዝግጅት ለብቻው የሚሰጠው ጥቅም በሳይንስ በበቂ አልተረጋገጠም። የብስባሽ ጥቅም ግን የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ በተጀመረው ሥራ ብስባሽ ያገኘ ማሳ ካላገኘው የበለጠ ምርት እንደ ሰጠ ታይቷል።

የእርሻው ኀላፊ ሥራውን እንደ ልጁ ችሎታ ያከፋፍላል። ዐይነ ስውሩ ብስባሹን ጨብጦ እርጥበቱን ያውቃል፤ ውሃ ከጣቶቹ መካከል ከተንጠባጠበ በዝቷል፤ ከተበተነ አንሷል። ነገር ለመያዝ የሚዘገይ ልጅ ደግሞ በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚደጋገም ሥራ፥ ለምሳሌ ከብት ማጠጣት፥ ሊለምድ ይችላል። ጉድጓዶች መታጠር፥ ማጭዶችም መቈጠር አለባቸው።

ሐ. የከሚሴ ሁኔታ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጐዳና ላይ፥ በቦርከና ሸለቆ ትገኛለች። በጨፋ ረግረግ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች በበጋ ከብታቸውን ያሰማራሉ። ስለዚህ ለዘዴው ዋና የሆነው ከብት በአገሩ አለ። ችግሩ ሌላ ነው። አዛባው ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ የማሽላው አገዳም ለከብት መኖና ለማገዶ ይፈለጋል። ለመሬቱ የሚሰጠው ሁሉ ከምድጃው ወይም ከግርግሙ የሚወሰድ ነው። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ የማገዶና የመኖ ዛፍ ሳይተክል ብስባሽ ቢጀምር ከድኻው ጐረቤት ጋር መሻማቱ አይቀርም። ቀንዱም የአውሮፓን ወራት ተከትሎ ሳይሆን የአገሩን ዝናብ አይቶ መቀበር ይገባዋል።

መ. መደምደሚያ

ከሁሉ በላይ መጠበቅ ያለበት ነገር እርሻው ለልጆቹ እንጂ ልጆቹ ለእርሻው አለመሆናቸው ነው። ምርቱ የትምህርት ቤቱን ወጪ መሸፈን ሲጀምር፥ ሥራው የሚቀናው ልጅ ከክፍል ይልቅ በማሳ ይውላል፤ የማይቀናው ደግሞ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የእርሻው ሒሳብና የትምህርቱ መዝገብ ለየብቻ ቢያዙ፥ የኀላፊውም ሥራ በኩንታል ሳይሆን እያንዳንዱ ልጅ በዓመቱ ምን ማድረግ እንደ ቻለ ቢመዘን ይሻላል እንላለን።