የሠራተኛ ወረቀትና የአሠሪ ሣጥን
ከናይሮቢ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ሰው አገሩን ለቆ በባዕድ ምድር እንጀራውን ሊፈልግ ሲነሣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ማን መሆኑን የሚመሰክርለትን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ፓስፖርትም ሆነ መታወቂያ፣ የልደት ወይም የትምህርት ምስክር ወረቀትም ሆነ፣ በባለቤቱ እጅ እስካለ ድረስ መብቱን ያስከብርለታል፤ በሌላው እጅ የገባ እንደ ሆነ ግን ያው ወረቀት ባለቤቱን ማሠሪያ ገመድ ይሆናል። ስለዚህ በባሕር ማዶ ያለ አሠሪ «ዋናውን ወረቀት ላክልኝ» ብሎ ሲጽፍ፣ ነገሩ ቀላል የጽሕፈት ቤት ሥራ ቢመስልም ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። ይህንንም ለመረዳት የሚፈልግ ሰው የናይሮቢን ከተማ ታሪክ ቢመለከት በቂ ትምህርት ያገኛል።

የእንግሊዝ መንግሥት ኬንያን በሚገዛበት ዘመን፣ በ1915 እ.ኤ.አ. የአገሬውን ተወላጆች ስለ መመዝገብ የሚናገር ሕግ ወጣ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስላዘገየው በሥራ ላይ የዋለው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። በሕጉ መሠረት ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ ስሙ፣ ነገዱ፣ አውራጃውና የጣት አሻራው የሰፈረበት ወረቀት እንዲይዝ ታዘዘ። ወረቀቱ ኪፓንዴ ተባለ፤ ትርጓሜውም በስዋሂሊ ቋንቋ «ቁራጭ» ማለት ነው። ብዙዎችም በትንሽ የብረት ማኅደር አድርገው በአንገታቸው ያንጠለጥሉት ነበር።

ኪፓንዴ ማንነትን ብቻ የሚገልጽ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጠላ ነበር። ነገር ግን ሠራተኛው ሥራ የጀመረበትና የለቀቀበት ቀን፣ የሚከፈለውም ደመወዝ በአሠሪው እጅ ይጻፍበት ነበር። አሠሪው ማሰናበቱን በፊርማው ካላረጋገጠ ሠራተኛው ሌላ ሥራ ለመያዝ አይችልም፤ ሳይሰናበት የሄደውም እንደ ከዳተኛ ተቈጥሮ፣ በናይሮቢ ባለው ዋና መዝገብ በተቀመጠው የጣት አሻራ አማካይነት እየተፈለገ ይያዛል። ደመወዙም የተጻፈ ስለ ሆነ አዲሱ አሠሪ የቀድሞውን አይቶ ከዚያ በላይ ለመክፈል አይገደድም። እንግዲህ ወረቀቱ በሠራተኛው አንገት ላይ ቢንጠለጠልም ሥልጣኑ ያለው ብዕሩን በያዘው ሰው ዘንድ ነበር።

በዚህ ምክንያት ቅሬታው እያደገ ሄደ። በ1921 እ.ኤ.አ. ነጮቹ ሰፋሪዎች የአፍሪካውያንን ደመወዝ በሢሶ ለመቀነስ በተስማሙ ጊዜ፣ በናይሮቢ የግምጃ ቤት ስልክ ተቀባይ የነበረው ሃሪ ቱኩ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበርን መርቶ ኪፓንዴን፣ የጎጆ ግብርንና የግዳጅ ሥራን በአደባባይ ተቃወመ። መጋቢት 14 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. ተያዘ። ሕዝቡም በናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ ፊት ተሰብስቦ እንዲፈታ ጠየቀ፤ መጋቢት 16 ቀን ተኩስ ተከፈተ። መንግሥት የሞቱት 21 ናቸው ሲል፣ ሌሎች ቍጥሩን ከዚያ ከፍ ያደርጉታል። ሕዝቡን በማበረታታት ከፊት የቆመችው ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩም ከሞቱት አንዷ ናት። ቱኩ ያለ ፍርድ ወደ ኪስማዩ ተግዞ ዘጠኝ ዓመት ያህል በግዞት ቆየ።

ኪፓንዴ ግን ከዚያም በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቷል። በ1944 እ.ኤ.አ. የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ አባል የሆነው ኤሊውድ ማቱም ተቃወመው። በመጨረሻም በ1947 እ.ኤ.አ. ሁሉንም ዘር የሚመለከት የመታወቂያ ሕግ በቦታው ተተካ። በዚህ ጊዜ እነርሱም የጣት አሻራ እንዲሰጡ መጠየቃቸውን ሲሰሙ ታላቅ ጩኸት ያሰሙት ነጮቹ ሰፋሪዎች ነበሩ። በሌላው ሰው ላይ ሲሆን ተገቢ ሥርዓት የነበረው፣ በራሳቸው ላይ ሲደርስ ውርደት ሆኖ ታያቸው።

ዛሬ የናይሮቢ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳሉ፤ ከኢትዮጵያም በዚያው መንገድ የሚሄዱት እጅግ ብዙዎች ናቸው። አሠሪና ሠራተኛ አገናኞች የሚመዘገቡትና የሚቈጣጠራቸው በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ በተቋቋመው ብሔራዊ የሥራና ቅጥር ባለሥልጣን ነው። ፓስፖርት ለቪዛ ወደ ኤምባሲ መቅረቡ የማይቀር ስለ ሆነ፣ ለአገናኙ ማስረከቡ በራሱ ነውር አይደለም። ጉዳቱ የሚጀምረው ወረቀቱ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ወደ ባለቤቱ ሳይመለስ ሲቀር ነው። ሠራተኛዪቱ ስትደርስ ፓስፖርቷን አሠሪው ተቀብሎ ይቈልፍበታል፤ ደመወዝ ቢቀርባት ወይም ብትበደል ለመሄድ ፈልጋ መንገድ ታጣለች። በሳዑዲ ዓረቢያ በ2021 እ.ኤ.አ. ሠራተኞች አሠሪ እንዲለውጡ የፈቀደው መሻሻል የቤት ሠራተኞችን አለማካተቱ ችግሩን ያሳያል።

ዋናውን የትምህርት ወይም የልደት ምስክር ወረቀት በፖስታ ለማይታወቅ ሰው መላክም ሌላ አደጋ አለው። ተቀባዩ አታላይ ከሆነ በሌላው ስም ሊሠራበት ይችላል፤ እውነተኛ አሠሪም ቢሆን ወረቀቱ በመንገድ የጠፋ እንደ ሆነ ምትኩን ለማግኘት ብዙ ድካም ያስፈልጋል።

አሠሪዎች በበኩላቸው የሚያቀርቡት ምክንያት አለ። ለአውሮፕላንና ለአገናኙ ብዙ ገንዘብ ስለ ከፈሉ፣ ሠራተኛው ጥሎ እንዳይሄድ ይሠጋሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን የኬንያ ሰፋሪዎችም ኪፓንዴን የደገፉት በዚሁ ምክንያት እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። የገንዘብ ክርክር በውልና በዳኛ ፊት ይታያል እንጂ የሰውን ማንነት በመያዣነት በማስቀመጥ አይፈጸምም።

የዓለም ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው የመርከበኞች መታወቂያ ስምምነት ወረቀቱ ዘወትር በመርከበኛው እጅ እንዲሆን ይደነግጋል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የታደሰውም የመርከቡ አዛዥ ሊያስቀምጥለት የሚችለው መርከበኛው በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው ይላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ሠራተኞች የጉዞና የመታወቂያ ወረቀታቸውን በእጃቸው እንዲይዙ መብት ሰጥቷል። የዓለም የሥራ ድርጅት የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ብሎ ከቈጠራቸው 11 ነገሮች አንዱ ወረቀትን መያዝ ነው። በኬንያም በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የሰው ንግድን የሚከለክል ሕግ፣ ለዚሁ ክፉ ሥራ ሲባል የጉዞ ወረቀት መንጠቅን ወንጀል አድርጎታል። ካታርም በ2015 እ.ኤ.አ. ሕጓ ፓስፖርት የማይመልስ አሠሪ እስከ 25,000 ሪያል እንዲቀጣ ደንግጋለች።

ስለዚህ ሠራተኛ የሚልክም ሆነ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ በማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ ቢቀበል ይበቃዋል። ዋናው ወረቀት ለማመሳከር በባለቤቱ እጅ ቀርቦ ታይቶ ይመለስ። ለቪዛ የግድ መሰጠት ካለበትም ቀኑና የሚመለስበት ጊዜ የተጻፈበት ደረሰኝ ይሰጥ። ሹማምንትም የሥራ ውል ሲያጸድቁ «ፓስፖርቱ በማን እጅ ይቀመጣል?» ብለው ቢጠይቁና መልሱን በውሉ ቢያስጽፉ፣ ኋላ በቆንስላ ደጅ የሚደርሰውን ብዙ ልቅሶ አስቀድመው ያስቀራሉ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደ ተባለው፣ ወረቀቱ ባሕር ከተሻገረ በኋላ ከመከራከር ሳይሻገር መጠንቀቅ ይቀላል።