የሞተር ኃይል ቢጨመር ካምቢዮው ይችለዋልን?

መኪና ለአንድ ቤተ ሰብ ከቤቱ ቀጥሎ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ንብረት ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ ለሚኖሩ፥ ወይም ከዚያ ወጥተው በአዲስ አበባ ለሚሠሩ ሰዎች ግን መኪና ከንብረትነቱ ይልቅ የቤተ ዘመድ መገናኛ ነው። የጉራጌ ሰው የትም አገር ለንግድና ለሥራ ቢሰማራ፥ ክርስቲያኑ ለመስቀል፥ ሙስሊሙ ለዐረፋ ልጆቹን ሰብስቦ፥ ለእናቱና ለአባቱ የሚሆነውን ስጦታ ጭኖ ወደ ትውልድ አገሩ መግባቱ የታወቀ ልማድ ነው። በዚያን ጊዜ ትንሺቱ የቤት መኪና ሰውም ዕቃም ሞልታ ዳገቱን ስትወጣ ታቃስታለች። ባለቤቷም «ለሞተሯ ጥቂት ኃይል ቢጨመርላት ምን ነበረ» ብሎ ያስባል።

ይህ ዐሳብ በቅርብ ዓመታት በርትቷል፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው መኪናውን እንደ ርስት ጠብቆ መያዝ ግድ ሆነበት። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ አገር ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ደግሞ የብር ዋጋ ዝቅ አለ፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ዕቃም ተወደደ። አዲስ መግዛት የተሳነው ባለ መኪና እንግዲህ ያለውን ለማበርታት ይመክራል። አንዱ ተርቦ ሊያስገጥም፥ አንዱ የሞተሩን ኮምፒዩተር ትእዛዝ ሊያስለውጥ፥ አንዱም ትንሹን ሞተር አውርዶ ትልቅ ሊያስተክል ይሻል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ሳይጠይቀው የሚያልፍ አንድ ነገር አለ። ሞተሩ በረታ እንበል፤ ያንን ብርታት ተቀብሎ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ካምቢዮስ፥ ይልቁንም አውቶማቲክ የተባለው፥ ይችለዋልን? የዛሬው ጽሕፈታችን ስለዚህ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ባደረሰና ዐፄ ምኒልክ በተቀመጡባት ጊዜ፥ ማርሽ መለወጥ በነጂው እጅና እግር የሚፈጸም ሥራ ነበረ። ማኑዋል በተባለው መኪና ዛሬም እንዲሁ ነው፤ ነጂው ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ያስገባል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ሄርማን ፎቲንገር የተባለ የጀርመን መሐንዲስ ኃይልን በፈሳሽ አማካይነት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ለመርከብ አስቦ አወጣ። በ1939 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሀይድራማቲክ ብሎ የሰየመውን አውቶማቲክ ካምቢዮ በኦልድስሞቢል መኪና ላይ አቀረበ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ይኸው የካምቢዮ ዐይነት ኤም 5 በሚባለው ቀላል ታንክ ውስጥ ገብቶ ዘመተ። ስለዚህ «አውቶማቲክ በባሕርዩ ደካማ ነው» የሚለው ንግግር እውነት አይደለም። ደካማም ብርቱም የሚሆነው በተሠራለት ልክ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ እንግለጥ። ሁለት የነፋስ ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ቢቀመጡና አንደኛው በኤሌክትሪክ ቢዞር፥ ከርሱ የሚወጣው ነፋስ ሁለተኛውንም ያዞረዋል። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ግንባር ያለውና መካኒኮች ኮንቨርተር የሚሉት መሣሪያ ይህን ይመስላል፤ ነገር ግን በነፋስ ፈንታ የሚሠራው በዘይት ነው። መኪናው ከቆመበት ሲነሣ የሞተሩን የመጠምዘዝ ጉልበት እስከ ሁለት እጥፍ ያህል ያበዛዋል። ከርሱ በስተኋላ ማርሾቹን የሚይዙና የሚለቁ ስስ የፍሪሲዮን ሰሌዳዎች አሉ፤ እነዚህም አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው በዘይት ግፊት ይጣበቃሉ። ግፊቱ የተለካ ነው፤ የሰሌዳውም ብዛት የተቈጠረ ነው።

በጉራጌ አገር ከእንሰት ቃጫ ገመድ መግመድ የቈየ ሙያ ስለ ሆነ ነገሩን በገመድ መመሰል ይቻላል። ለጥጃ የተገመደ ገመድ በሬ አይይዝም። ይህም ገመዱ መጥፎ ስለ ሆነ ሳይሆን ለጥጃ ስለ ተገመደ ነው። የካምቢዮው ሰሌዳ ግን ከገመድ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ከልኩ በላይ ጉልበት ሲመጣበት በአንድ ጊዜ አይበጠስም፥ ጥቂት በጥቂት ይንሸራተታል እንጂ። መንሸራተት ሙቀትን ይወልዳል፤ ሙቀት ዘይቱን ያቃጥላል፤ የተቃጠለ ዘይት ሰሌዳውን እንደሚገባ አያስይዝም፤ መያዙ ሲላላ መንሸራተቱ ይብሳል። ስለዚህ ጉዳቱ ኃይል በተጨመረበት ቀን አይታይም። ባለ መኪናው ለወራት ደስ ብሎት ሲነዳ ከቆየ በኋላ ድንገት በመንገድ ላይ ይደርስበታል።

ካምቢዮ የሚመዘነው ሰው አዘውትሮ በሚጠራው በፈረስ ጉልበት ሳይሆን በመጠምዘዝ ጉልበት ነው፤ የዚህም መለኪያ ኒውተን ሜትር ይባላል። አንድ ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ቢንጠለጠል፥ በዘንጉ ሥር የሚገኘው የመጠምዘዝ ጉልበት 100 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ፋብሪካዎችም ይህን ልክ እያወቁ ይሠራሉ። የቶዮታ ሂሉክስን ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር እንመልከት። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በታደሰ ጊዜ፥ ይኸው አንድ ሞተር ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ጋራ ሲሄድ 500፥ ከማኑዋል ጋራ ሲሄድ ግን 420 ኒውተን ሜትር እንዲሰጥ ተደረገ። ሞተሩ አንድ ሲሆን የተፈቀደለት ጉልበት እንደ ካምቢዮው ተለየ፤ አውቶማቲኩም በዚህ ስፍራ የበለጠውን ተሸከመ። ዜድ ኤፍ የተባለው የጀርመን ፋብሪካም ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮዎቹን ሲሰይም የጉልበታቸውን ልክ በስማቸው ያመለክታል፤ 8ኤችፒ45 የተባለው 450፥ 8ኤችፒ70 የተባለው 700 ኒውተን ሜትር ያህል እንዲችሉ የታሰቡ ናቸው።

አሁን የአገራችንን አቀማመጥ እንመልከት። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል፥ ቡታጅራ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይገኛሉ። በከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ከዐሥር አንዱን ያህል ያጣል። ፋብሪካው የሚጽፈው ልክ ግን በባሕር ጠረፍ አየር የሚታሰብ ነው። በአገራችን እጅግ የበዛችው ባለ 1 ሊትር ቪትዝ በፋብሪካው ልክ 95 ኒውተን ሜትር ያህል ብትሰጥ፥ በቡታጅራ የሚቀራት 76 ያህል ነው። እንግዲህ የዚህች መኪና ካምቢዮ 95ን እንዲሸከም ተሠርቶ ሳለ በቡታጅራ የሚሸከመው ከዐምስት አራቱን እጅ ብቻ ነው።

የጥያቄው መልስ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እስከ ፋብሪካው ልክ ድረስ የሚጨመረው ኃይል ከፍታው የወሰደውን መመለስ ስለ ሆነ፥ ጤናማ የሆነ ካምቢዮ ይችለዋል። ከዚያ ልክ አልፎ የሚጨመረው ግን ዕዳ ነው፤ የዕዳውም ዋስ ካምቢዮው ነው። ሞተሩ የተበደረውን ካምቢዮው ይከፍላል።

ይህን መልስ ስንሰጥ ሦስት ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። አንደኛው፥ ከፋብሪካው ተርቦ ይዞ የመጣ የናፍጣ ሞተር ተርቦው ራሱ የከፍታውን ጉድለት አብዛኛውን ስለሚሞላለት፥ በርሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ትርፍ የለም፤ የሚጨመርበት ሁሉ ዕዳ ነው። ሁለተኛው፥ ሃያ ዓመት ያገለገለ ካምቢዮ የሰሌዳው ውፍረት ስለሚያልቅ እንደ አዲሱ አይቈጠርም። ሦስተኛው፥ በቡታጅራ አየር የተለካ ተርቦ በቆላ ሌላ ጠባይ ያሳያል። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ እስከ 1,100 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ አየሩ ስለሚወፍር ሞተሩ ሳይታሰብ ይበረታል፤ በደጋ ልክ የመሰለው ጉልበት በቆላ ከልክ ያልፋል።

ይልቁንም ካምቢዮን የሚጎዳው ጉልበት ብቻ ሳይሆን ሙቀት መሆኑን ማስተዋል ይገባል። የካምቢዮ ዘይት በደኅና ጊዜ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሠራል። የመካኒኮች የልማድ ስሌት እንደሚለው፥ ከዚያ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ያህል በጨመረ ቍጥር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። ከጊቤ ድልድይ ወደ ወልቂጤ የሚወጣውን ዳገት በቀትር፥ መኪናው ሞልቶ፥ ከፊቱ ከባድ መኪና ቀድሞት ቀስ እያለ ሲወጣ እንመልከት። ኮንቨርተሩ ያለ ዕረፍት ይንሸራተታል፤ ማቀዝቀዣ የሚሆነው ነፋስ ያንሳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። በዚህ ላይ የተጨመረው ኃይል ሲታከል ካምቢዮው መኪናውን ከዳገት መካከል ሊጥለው ይችላል። ቁልቁለት ሲሆንም የሚያሰጋ ሌላ ነገር አለ። ሰሌዳው የተቃጠለ ካምቢዮ ሞተሩን ከጎማው ጋራ ስለማያያይዝ፥ ሞተሩ መኪናውን መያዙ ይቀርና ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። በኋላ ወንበር ልጆቹን ያስቀመጠ አባት ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ቪትዝና መሰሎቿ መካከል በኋላ ከተሠሩት ብዙዎቹ ማርሽ የሌለው፥ በሁለት መዘውሮች መካከል በሚዞር የብረት ቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ አላቸው። ቀበቶው አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ የመዘውሩን ፊት ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረ መዘውርም ተመልሶ አይለሰልስም። ለእንዲህ ያለው ካምቢዮ ምክራችን አጭር ነው፤ ኃይል አይጨመርበት።

ካምቢዮ ሲታመም ምልክት ይሰጣል። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተከተለ፥ ማርሽ ሲለወጥ ካዘገየ ወይም ከመታ፥ ቀይ የነበረው ዘይት ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካመጣ፥ ነገሩ ስለ ኃይል መጨመር ሳይሆን ስለ ማዳን ነው።

ኃይል ለመጨመር የቈረጠ ሰው በቅድሚያ የሚከተለውን ያድርግ። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን፥ ካንዴላውንና የነዳጁን መስመር ያስመርምር፤ ብዙ ጊዜ ጎደለ የሚባለው ኃይል በዚሁ ይመለሳል። ሁለተኛ የካምቢዮውን ዘይት ፋብሪካው ባዘዘው ዐይነት ያስለውጥ፤ ሌላ ዐይነት ዘይት መልኩ ቢመስልም ሥራው አንድ አይደለም። ሦስተኛ ለካምቢዮው ዘይት ተጨማሪ ማቀዝቀዣና የሙቀት መለኪያ ያስገጥም፤ ይህ ከተርቦው አስቀድሞ ሊገዛ የሚገባው ዕቃ ነው። አራተኛ የሚጨመረው ጉልበት ስንት ኒውተን ሜትር እንደ ሆነና የካምቢዮው ልክ ስንት እንደ ሆነ ጋራዡ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ። በቃል የተደረገ ውል በክርክር ጊዜ ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ ልኩን መጻፍ የማይፈቅድ ባለ ሙያም ልኩን ባያውቀው ይሆናል። ዐምስተኛ ሞተር የሚያስለውጥ ሰው የሞተሩ ቍጥር በሊብሬው የተመዘገበ መሆኑን አይርሳ፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ያማክር። በመንገድም ላይ በረዥም ዳገትና ቁልቁለት ማርሹን ወደ ዝቅተኛው አውርዶ መንዳት ከማናቸውም መሣሪያ የበለጠ ይጠቅማል።

ወደ እነዚህ ከተሞች የሚወስደው መንገድ በድካም የተገኘ መሆኑ ይታወቃል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች ከገቢያቸው ገንዘብ እያዋጡ፥ የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው አገራቸውን ከዋና ከተማው ጋራ ለማገናኘት ደክመዋል። ያን ጊዜ የተፈለገው ሰው በደኅና ደርሶ በደኅና እንዲመለስ እንጂ ቀድሞ እንዲደርስ አልነበረም።

በጠቅላላው ለጥያቄው የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ጤናማና ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ካምቢዮ፥ ዘይቱ ከታደሰና ከቀዘቀዘ፥ ከፍታው የነሣውን ኃይል መልሶ ሊቀበል ይችላል። ከፋብሪካው ልክ በላይ የሚሻ ግን ካምቢዮውንም አብሮ ይለውጥ፤ ወይም ሸክሙን ይቀንስ። ይህን ሁሉ ትቶ ለሞተሩ ብቻ ኃይል የሚጨምር ሰው፥ አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት በርሱ ይፈጸማል፤ ብድሩንም የሚከፍለው ጎተራው ባዶ በሆነበት ቀን ነው።